ወደ ካማክያ ቤተ መቅደስ እንዴት እንደሚኬድ፦ ከጉዋሃቲ ከተማ እስከ ጓዳው ምንጭ

ካማክያ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በአሳም ክልል፣ በጉዋሃቲ ከተማ ምዕራባዊ ዳር በኒላቻል ኮረብታ ላይ የሚገኝ በዚሁ ስም የምትጠራ ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ነው። በኮረብታው ግርጌ ታላቁ ብራህማፑትራ ይፈስሳል። ህንድ ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለንግድ ከሚሄዱት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ እግረ መንገዳቸውን ሊያዩት ይነሣሉ፤ ብዙዎቹም በር ተዘግቶ ያገኙታል፣ ወይም ሰልፉ ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ሳይገቡ ይመለሳሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። እዚህ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚታይ ምስል የለም። በሌሎች የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ሰው ሐውልቱን ፊት ለፊት አይቶ ይወጣል። ካማክያ ውስጥ ያለው ግን ከመሬት ዝቅ ያለ ጨለማ ጓዳ፣ ስንጥቅ ዐለትና ከዐለቱ የሚፈልቅ ውሃ ነው። ምእመኑ ቁጢጥ ብሎ በእጁ ይዳስሳል። ስለዚህ ገና ሰልፍ ሳይይዙ፣ የመጡት ለአምልኮ ነው ወይስ ለማየት? የሚለውን ለራስዎ ይመልሱ። ለማየት ከሆነ የሚታየው ሁሉ ውጭ ነው፤ ለእሱ ሰልፍ አያስፈልግም።

ስለ ቦታው ማወቅ ያለብዎት

በሂንዱዎች ትውፊት ሳቲ ሺቫ የሚባለው አምላክ ሚስት ነበረች። አባቷ ዳክሻ ባሏን ቢያዋርድባት ራሷን ለእሳት ሰጠች። ሺቫ በድኗን ተሸክሞ በሐዘን ሲዞር ሌላው አምላክ ቪሽኑ በስለታም ክብ መሣሪያው አካሏን ቆራረጠው፤ ክፋዩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ «ሻክቲ ፒት» ተብሎ ተቀደሰ። በተለምዶ 51 ይቆጠራሉ። ኒላቻል ላይ ያረፈው ማኅፀኗ ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ካማክያ ከሻክቲ ፒቶች መካከል እጅግ የምትከበረው።

ሕንጻው የተለያየ ዘመን ሥራ ነው። ከታች ያለው የድንጋይ መሠረት 8ኛውና 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ይሄዳል። የቀድሞው ቤተ መቅደስ ከፈረሰ በኋላ የኮች ንጉሥ ናራናራያን በ1565 እ.ኤ.አ. አሁን ያለውን አሠራ። ጉልላቱን እንደ ድሮው በድንጋይ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልሆነም፤ በመጨረሻ ሜጋሙክዳም የተባለ ባለሙያ በጡብ ሠራው። ቅርጹ የንብ ቀፎ የሚመስለው ያ ጉልላት ዛሬም ቆሟል። ከምዕራብ በኩል ያለውን ረጅም አዳራሽ አሳምን ይገዙ የነበሩት የአሆም ነገሥታት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጨመሩበት። ዙሪያውን ሲዞሩ ከታች ያለውን ጥቁር ድንጋይና ከላይ ያለውን ጡብ ለይተው ይመልከቱ፤ መጋጠሚያቸው በግልጽ ይታያል።

1. ጊዜውን ይምረጡ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እንደ እኛው ክረምት ይዘንባል፤ ልዩነቱ ዝናቡ ከከባድ ወበቅ ጋር መምጣቱና ወንዙ ሞልቶ መደፍረሱ ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይመረጣሉ። ማክሰኞና ቅዳሜ የአምላኳ ቀን ተደርገው ስለሚታዩ፣ እሑድ ደግሞ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሰልፉ በጣም ይረዝማል። በመስከረምና በጥቅምት መካከል የሚውለው ዱርጋ የምትባለው ሴት አምላክ በዓልም እንዲሁ ነው።

ለብቻው የሚታወቅ ጊዜ አለ፦ አምቡባቺ። በየዓመቱ ወደ ሰኔ 15 ገደማ (ጁን 22) ይጀምራል። ምእመናኑ በዚያን ወቅት አምላኳ የወር አበባዋን ታያለች ብለው ያምናሉ። ሦስት ቀን በሩ ይዘጋል፣ አማኝ ገበሬዎች መሬት አያርሱም፣ አይቆፍሩም። በአራተኛው ቀን የመታጠብ ሥርዓት ተፈጽሞ በሩ ሲከፈት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይጠብቃል፤ ዐለቱን ሸፍኖ ከሰነበተው ቀይ ጨርቅ ቁራጭ ማግኘት ለምእመኑ ትልቅ በረከት ነው። በዓሉን ለማየት የሚሄድ ሰው ማረፊያውን ከወራት በፊት ይያዝ፣ ኮረብታውንም በእግር ለመውጣት ይዘጋጅ፤ መኪና ስለሚከለከል። ጓዳውን ለመግባት የሚሄድ ግን ሌላ ጊዜ ይምረጥ። በየዓመቱ ይህን ሳያውቁ በዝጉ ቀናት የሚደርሱ እንግዶች አሉ።

2. ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ

ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሩ የሚከፈተው «በስምንት ሰዓት» ነው ይልዎታል ሾፌሩ። በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ረስተው በእኛው 8 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ቢደርሱ በሩ ዝግ ነው፤ ያ ሰዓት ለአምላኳ ምግብ የሚቀርብበት ነውና።

የዘወትሩ ሥርዓት በእኛ አቆጣጠር እንዲህ ነው። ከንጋቱ 11፡30 ገደማ ካህናቱ የተቀደሰውን ሥፍራ ያጥባሉ፤ 12 ሰዓት ላይ የዕለቱ ጸሎት ይደረጋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ለሕዝብ ይከፈታል፤ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ 8፡30 እንደገና ይከፈትና 11፡15 ገደማ ለማታ ይዘጋል። ከምሽቱ 1፡30 የመብራት ሥርዓት አለ። በበዓላትና በክረምት ወራት ሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ከዋዜማው ማረፊያዎ ያሉትን ሰዎች ይጠይቁ።

ህንድ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። አገሪቱ በሙሉ በአንድ ሰዓት ስለምትመራ ደግሞ በምሥራቅ ጫፍ ያለችው አሳም ላይ ፀሐይ በጣም ቀድማ ትወጣለች፣ ቀድማም ትጠልቃለች። በታኅሣሥ ከቀኑ 10፡30 ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከሰዓት በኋላ ወጥተው ወንዙን በብርሃን አያለሁ ብለው አይቁጠሩ።

3. ከአገር ሳይወጡ

የህንድ መንግሥት ከኢትዮጵያ የሚገባን ወይም በኢትዮጵያ በኩል ያለፈን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን በለይቶ ማቆያ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ በወሬ የሚነገር ማስፈራሪያ ሳይሆን የሚፈጸም ነው። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገቡ። ቪዛን በተመለከተ አዲስ አበባ ያለውን የህንድ ኤምባሲ ይጠይቁ። አሳም ወባና ዴንጊ የሚገኝበት ስለሆነ የትንኝ መከላከያ ቅባትም ይያዙ።

4. ጉዋሃቲ መድረስና ኮረብታውን መውጣት

ከዴልሂ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከኮልካታ የሌሊት ባቡር አለ፤ ማታ ተሳፍረው ጠዋት ይደርሳሉ። በባቡር የሚመጣ ሰው ትኬት ሲቆርጥ ልብ ይበል፦ በከተማዋ ሁለት ዋና ጣቢያዎች አሉ፣ «ጉዋሃቲ» እና «ካማክያ»። ለቤተ መቅደሱ የሚቀርበው ካማክያ ነው፤ ሆቴልና ገበያ የበዛበት ግን ጉዋሃቲ ጣቢያ አካባቢ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከቤተ መቅደሱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ከከተማ በታክሲ ወይም በባጃጅ እስከ ኮረብታው ግርጌ ይሂዱ። «ባጃጅ» ቢሉ ግን የሚገባው ላይኖር ይችላል፤ ያ እኛ በኩባንያው ስም የምንጠራው ነው፣ እዚያ «አውቶ» ይባላል። ከግርጌው እስከ በሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የአስፋልት መንገድ አለ። በዚያ ላይ ሰው እየሞሉ የሚመላለሱ ትንንሽ መኪኖች ስላሉ ርካሹ እሱ ነው። ዋጋውን ሳይሳፈሩ «ኪትና?» ብለው ይጠይቁ፤ በሂንዲ «ስንት ነው?» ማለት ነው። አሳሞች የራሳቸው ቋንቋ ቢኖራቸውም ይህን ሁሉም ይረዳል።

ጉልበት ያለው ሰው በድንጋይ ደረጃው ይውጣ። ደረጃው ጥንታዊ ነው፣ ትውፊቱም ናራካሱራ የተባለ ጉልበተኛ በአንድ ሌሊት ሊሠራው ሲጣደፍ አምላኳ ዶሮ ያለ ጊዜው እንዲጮህ አድርጋ ሳይጨርሰው ነጋ ይላል። ድንጋዮቹ እኩል አይደሉም፣ ሲዘንብ ያዳልጣሉ። በጨለማ አይውጡት።

5. ልብስና የሚያዝ ዕቃ

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ወደ ጓዳው የሚገባ ሰው ቁጢጥ ስለሚል ጠባብ ሱሪ ያስቸግረዋል። መሬት የሚጎተት ረጅም ቀሚስም አይሆንም፤ ወለሉ ውሃ ነው፣ ከኋላ ያለው ሰውም ይረግጠዋል። ነጠላ የሚለብሱ ሴቶች ጫፉን አጥብቀው ይሰሩት፤ ዝቅ ብለው የሚነድ የዘይት መብራቶች አሉ።

ጫማ የሚወልቀው ከሰልፉ በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚሄድ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ እዚህ ልዩነቱ በባዶ እግር የሚቆዩበት ጊዜ ርዝመት ነው፣ አንዳንድ ቀን አምስት ስድስት ሰዓት። ካልሲ ቢያደርጉ ይርሳል፣ የረጠበ ካልሲ ደግሞ ከባዶ እግር ይልቅ ያንሸራትታል። ጫማዎን መባ የሚሸጡት ሱቆች ዕቃ ከገዙ በነጻ ያስቀምጡልዎታል። የሱቁን በር አስተውለው ይሂዱ፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ።

የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ ባይዙ ይመረጣል። ስልክና ካሜራ ወደ ውስጥ ይዞ መጠቀም ክልክል ነው። ባለ 10፣ 20፣ 50 እና 100 ሩፒ ዝርዝር በአንድ ኪስ፣ ትልልቁን ብርና ፓስፖርቱን በሌላ ውስጥ ኪስ ያድርጉ። ህንዶች በስልክ ነው የሚከፍሉት፣ ያ ግን የአገሩ ባንክ ሒሳብ ለሌለው እንግዳ በቀላሉ ስለማይሠራ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

6. መባ መግዛት

መባው በትንሽ ቅርጫት ይሸጣል፦ ኮኮናት፣ ዕጣን፣ ቀይ ጨርቅ፣ ሲንዱር የሚባለው ቀይ ዱቄት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የከርከዴ ዘመድ የሆነው ትልቁ ቀይ አበባ። መግዛት ግዴታ አይደለም። ከገዙ ትንሹን ይግዙ፤ ትልቁ ቅርጫት በጠባቡ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ እዚያ ግን አንድ እጅ ለግድግዳው ነጻ መሆን አለበት። ጦጣዎች አሉና ምግብና ቅርጫት ክፍት አድርገው አይያዙ።

በሥፍራው ፍየልና ርግብ ያያሉ፤ አንዳንዶቹ የአበባ ጉንጉን በአንገታቸው አለ። የእንስሳ መሥዋዕት የዕለት ተዕለት ሥርዓት ነው። ወንድ እንስሳ ብቻ ይሠዋል፣ ሴት አይነካም። አንዳንድ ባለስእለት ደግሞ ርግቡንና ፍየሉን በሕይወት ይለቀዋል፤ በግቢው የሚንጎራደዱት እነሱ ናቸው። ደም ማየት የማይችል ሰው ወይም ሕፃን የያዘ ከመሥዋዕቱ ሥፍራ ራቅ ባለው በኩል ይዙር።

7. ሰልፉ

ሁለት ሰልፍ አለ፤ ነጻውና በትኬት የሚገባው። ትኬቱ በየቀኑ በቁጥር የተወሰነ ነው፣ ዋጋውም ይለዋወጣልና መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ይመኑ። ከመስኮቱ ውጭ «ፈጥኜ አስገባዎታለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አይክፈሉ። ፓንዳ የሚባሉት የዘር ካህናት የእንግዳ አገልግሎት ሥራቸው ነው፤ ብዙዎቹ ቅንና ዕውቀት ያላቸው ናቸው። ካህን ከፈለጉ ስንት እንደሚሰጡ ሳይነሡ ይስማሙ። በመሐል «የእገሌ ቤተሰብ ይህን ያህል ሰጠ» የሚል መዝገብ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የሚችሉትን ትንሽ ሰጥተው እጅ ነሥተው ይለፉ።

በነጻው ሰልፍ የሚገባ ሰው በሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይድረስ። ሰው በበዛበት ቀን ሰልፉ ከአምስት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ሰልፉ በብረት በታጠረ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋልና ከገቡ በኋላ መውጣት ያስቸግራል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት መጸዳጃ ይሂዱ። ምእመናኑ በባዶ ሆድ ይቆማሉ፤ የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ግን ይብላ፣ ውሃም ይያዝ። ውሃ ሲገዙ ክዳኑ ሲሰነጠቅ ድምፁን ይስሙ።

«ጆይ ማ ካማክያ!» የሚል ድምፅ በየጊዜው ከሰልፉ ይነሣል፤ «ድል ለእናት ካማክያ» እንደማለት ነው። ከፊትዎ ያለችው ሴት ምናልባት ልጅ ለማግኘት ተስላ ከሩቅ ክፍለ አገር የመጣች ናት። ለማወቅ ጉጉት ብቻ ያለው ሰው የእሷን ተራ ባያራዝም ደግ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በልማድ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትገባም። የአምላኳ የወር አበባ በሚከበርበት ቦታ ይህ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ በዚያው አገር ሴቶች ዘንድም የሚነሣ ጥያቄ ነው።

8. ጓዳው

ከአዳራሹ ወደ ጓዳው የሚወስደው ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ብርሃን ይጠፋና የዘይት መብራት ብቻ ይቀራል። ድንጋዩ ከዘመናት የሰው እጅና ከመብራቱ ጥቀርሻ የተነሣ ጠቁሮ ይለሰልሳል። ጭስ፣ አበባና እርጥብ ድንጋይ በአንድነት ይሸታሉ።

እንዲህ ያድርጉ። ግራ እጅዎን ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እጅዎን ነጻ ያድርጉ። ደረጃውን በጣት ሳይሆን በሙሉ ውስጥ እግር ይርገጡ። ልጅ ካለ ከፊትዎ ይሁን። የሚገፋ ሰው ቢኖር አይግፉ፤ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ አድርገው ይቁሙ። ከታች ካህን ተቀምጧል። ዐለቱ ከሁለት ወገን ተዳፋት ሆኖ ወርዶ መሐል ላይ ይገናኛል፣ መገናኛው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድጎድ ያለ ነው፤ ከምንጩ የሚመጣው ውሃ ዘወትር ያረጥበዋል። በጨርቅና በአበባ የተሸፈነ ስለሆነ ቅርጹን አያዩትም። ቁጢጥ ይላሉ፣ ካህኑ እጅዎን ይመራል፣ ውሃውን ይነካሉ። ምእመናን ጥቂቱን ይቀምሳሉ ወይም ግንባራቸውን ይቀባሉ። ጠበል ለሚያውቅ ሰው የእጁ አኳኋን ራሱ የታወቀ ነው። ሁሉም ነገር በግማሽ ደቂቃ ያልቃል፣ ቀጣዩ ሰው ይመጣል።

ሃይማኖትዎ የማይፈቅድልዎትን ነገር በትሕትና መተው ይቻላል። ግንባርዎን ቀይ ሊቀቡ ሲሉ ቀኝ እጅ ደረት ላይ አድርጎ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከመባው የተባረከ ምግብ ቢሰጥዎ በቀኝ እጅ ተቀብለው አጠገብዎ ላለ ምእመን ያስተላልፉ። መሬት ላይ መጣል ወይም በግራ እጅ መቀበል ግን ነውር ነው።

አስም ያለበትና ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አይግባ። አየሩ ትንሽ ነው፣ ከመሐል ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም።

9. ከወጡ በኋላ፣ ወይም ሳይገቡ

ዋናውን ሕንጻ በስተቀኝዎ አድርገው ይዙሩ፤ የውጭ ግድግዳው ቅርጻ ቅርጽ ሊታይ የሚገባው ነው። አጠገቡ ሳውባግያ ኩንዳ የሚባል ኩሬ አለ። በኮረብታው ላይ ማሃቪድያ የሚባሉት አሥሩ የአምላኳ መልኮች ይመለካሉ። ሦስቱ በዋናው ሕንጻ ውስጥ ናቸው፤ የቀሩት ሰባቱ፣ ካሊ፣ ታራ፣ ባይራቪ፣ ቺናማስታ፣ ዱማቫቲ፣ ባጋላና ቡቫኔሽዋሪ፣ የየራሳቸው ቤት አላቸው። እነዚህ ጋ ሰልፉ አጭር ነው። ቡቫኔሽዋሪ ከሁሉ ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ናት፤ ከዋናው ግቢ ወደ ላይ ትንሽ ይሄዳል። ብራህማፑትራን ከነደሴቶቹ የሚያዩት ከዚያ ነው። የህንድ ወንዞች አብዛኞቹ በሴት ስም ሲጠሩ ይህኛው «የብራህማ ልጅ» (ብራህማ የአምላክ ስም ነው) ተብሎ በወንድ ይጠራል፤ ያገሩ ሰው ደግሞ ሉዊት ይለዋል።

10. ወደ ወንዙ መውረድ

ወንዙ ዳር ሲደርሱ አይዋኙ፤ ላዩ ጸጥ ያለ ቢመስልም ታቹ ይስባል። በበጋ የሚወጣው አሸዋ ሲረግጡት ሊሰምጥ ይችላል። የተሠሩ የድንጋይ መውረጃዎች አሉና እነሱን ይጠቀሙ።

ከከተማው መሐል ካቻሪ ጋት አካባቢ ወደ ኡማናንዳ የሚሄዱ ጀልባዎች አሉ። ኡማናንዳ በወንዙ መሐል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ በላይዋ በ1694 እ.ኤ.አ. የአሆም ንጉሥ ጋዳዳር ሲንግሃ ያሠራው የሺቫ ቤተ መቅደስ አለ። ካማክያን ያየ ምእመን ባሏንም እዚህ ይሳለማል። ጀልባ ሲሳፈሩ የሕይወት አድን ጃኬት ይጠይቁና ይልበሱ። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ጉዞው ይቋረጣል። ያን ጊዜ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና ወንዙን የሚሻገረው የገመድ መኪና አማራጭ ነው። ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ደሴቲቱን ከላይ ያሳይዎታል፤ እዚያ ግን አይቆምም። በበጋ ወራት ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ወደብ ይድረሱ፤ ከደሴቲቱ የሚመለሱት ጀልባዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያቆማሉና።